ጋሽዬና የቫንኩቨሩ ሯጭ

እናቴ ቤት ማንም የማይለብሰው ብርድ ልብስ አለ። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ይህ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። በዚያ ቁር ብርድ ልብስ ይለበሳል እንጂ አይቀመጥም። ይሄኛው ግን ኑሮው ሳጥን ውስጥ ነው። ግራጫ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለው። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ እናቴ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ማታ አጥፋ ትመልሰዋለች።

ታላቅ ወንድሜ በ100 ሜትር አንደኛ ወጥቶ የተሸለመው ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ገና አንደኛ ክፍል። መስመሩ በኖራ ተሰምሮ ነበር። ፊቱ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ የሕዝቡ ጩኸትና ከእግሩ ሥር የሚነሳው አቧራ ነው። ከዚያ አንድ ሰውዬ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። ጋሽዬ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ያሸነፈ ሳይሆን ጥፋት የተገኘበት ልጅ ይመስል ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሩጫውን ተወው። አልታመመም፤ አልተጎዳም። ተወው፣ በቃ። አናጢነት ተማረ፣ የራሱን ቤት ከፈተ፣ ልጆች ወለደ። ዛሬም ግን ሠርግ ቤት ቢሄድ፣ ለቅሶ ቤት ቢቀመጥ፣ አንድ ሰው አይጠፋም። «አንተ እኮ ያኔ ብትገፋበት ኖሮ…» ይለዋል። «ለምን ተውከው ግን?» እሱ ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው። «ሰለቸኝ።»

ይህችን ቃል ለዓመታት ጠልቻታለሁ። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ጠይቄዋለሁ። አንዴማ ተቆጥቼ ነበር የጠየቅኩት። እግዚአብሔር የሰጠህን እንዴት እንዲህ ትጥለዋለህ ብዬዋለሁ። መላጊያውን አስቀምጦ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ወደ ጣውላው ተመለሰ።

ስለ ካናዳዊው ሯጭ ስለ ፐርሲ ዊሊያምስ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጀመርኩትም ስለ ጋሽዬ እያሰብኩ አልነበረም።

በ2021 የቶኪዮ ኦሎምፒክ የ200 ሜትር ፍጻሜ ሲካሄድ እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ካናዳዊው አንድሬ ደ ግራስ በ19.62 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። በዚህ ርቀት ካናዳዊ ሲያሸንፍ ከ93 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። 93 ዓመት! ታዲያ ያኔ ያሸነፈው ማን ነበር? አልኩ። እኛ አገር ሯጭ ሲባል የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። የ10 ሺህ ሜትሩን ታሪክ በቃላችን የምናወራ ሰዎች ስለ አጭር ርቀት ከጄሲ ኦውንስና ከዩሴይን ቦልት አልፈን ብዙ አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ፈልጌ የፐርሲን ፎቶግራፍ አገኘሁ። ቀጭን፣ የሚያሳዝን ዓይነት ልጅ። ትልልቅ ሰዎች ትከሻቸው ላይ አንስተውታል። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ። ያቺን የኖራ መስመርና ያንን የተደፋ አንገት አስታወሰኝ።

ፐርሲ በ1908 ቫንኩቨር ተወለደ። ለቤቱ አንድ ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ የሩማቲክ ትኩሳት ያዘው። ይህ በሽታ ልብን እንደሚጎዳ እኛ አገር ብዙ ቤተሰብ ያውቃል፤ በጉሮሮ ሕመም ይጀምርና የልብ ነገር ሆኖ ያርፋል። ሐኪሞቹ ልቡ ተጎድቷልና ከባድ እንቅስቃሴ ይቅርበት አሉ። እንግዲህ የዓለም ፈጣን ሰው ታሪክ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው፤ አትሩጥ በተባለ ልጅ።

እሱም ቢሆን የሩጫ ፍቅር ያንገበገበው ልጅ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስፖርት ውስጥ መግባት የተለመደ ስለሆነ ገባ። ሮጠ፣ አሸነፈ። ከዚያ ቦብ ግሬንጀር አየው።

ስለ ግሬንጀር ሳነብ ቆም እላለሁ። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የነበረ ሰው ነው። ዝነኛ አሠልጣኝ አልነበረም። ገንዘብ የለውም፣ ማዕረግ የለውም፣ ከኋላው የቆመ ፌዴሬሽን የለውም። ዓይን ግን ነበረው። በ1926 ግሬንጀር ራሱ ከሚያሠለጥነው ፈጣን ልጅ ጋር ፐርሲ እኩል ሲገባ ተመለከተ። አሯሯጡ ሁሉ ነገሩ ስሕተት ነበር። እጆቹን ከጎንና ጎኑ አጣብቆ ነው የሚሮጠው። በዚህ አሯሯጥ ከሠለጠነ ሰው ጋር እኩል የገባ ልጅ አሯሯጡ ቢስተካከልለት የት ይደርሳል? ግሬንጀር ይህን ጥያቄ ይዞ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ይኸው ጥያቄ ሆነ።

የማሠልጠን ዘዴው በዘመኑ ሰው የሚገርም ነበር። ሌሎች ሯጮቻቸውን ሜዳ ላይ ሲያደክሙ እሱ ፐርሲን ያሳርፈው ነበር። የዚህ ልጅ ጉልበት የተቆጠረ ነው፤ ለውድድሩ ቀን ነው የሚቀመጠው ባይ ነው። ሙቀትም መባከን የለበትም። በቀዝቃዛ ቀን ሹራብ በሹራብ፣ ቱታ በቱታ ላይ ያለብሰዋል። ከላይ ብርድ ልብስ ይደርብለታል። ሰውነቱን በቅባት ያሸዋል። ልጁ መነሻው ላይ ሊቆም ሲል ነው ልብሱ አንድ በአንድ የሚወልቀው።

ይህን ሳነብ እናቴ ቤት ያለውን ሳጥን አሰብኩ።

በ1928 ክረምት ሀሚልተን በሚባል ከተማ የካናዳ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ተካሄደ። ፐርሲ 100 ሜትሩንም 200 ሜትሩንም አሸነፈ። በ100 ሜትር 10.6 ሰከንድ ሮጠ፤ ይህ ከወቅቱ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ጋር እኩል ነው። ገና 20 ዓመቱ ነው። ክብደቱ 57 ኪሎ ገደማ። ወደ አምስተርዳም የሚሄደው ቡድን ውስጥ ገባ።

ግሬንጀር ግን አልገባም። ይፋዊ አሠልጣኝ አይደለማ። የመርከብ ገንዘብም የለው። ልጁ ከቡድኑ ጋር ሲሄድ እሱ በጭነት መርከብ ላይ ሥራ ተቀጥሮ እየሠራ አትላንቲክን ተሻገረ። ልጁን በጊዜው ላለማጣት። ስንት አባት ይህን ያደርጋል? በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የምወደው ሰው ማን ነው ብባል ያለማመንታት ይህን ሰው ነው የምጠራው።

አምስተርዳም ሲደርስ ያደረገውን ደግሞ ተመልከቱ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ፍራሽ ከአልጋው አንስቶ ግድግዳው ላይ አቆመው። ፐርሲን ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ አንበርክኮ አነሳስ ያለማምደው ጀመር። ፐርሲ ይነሳል፣ ጥቂት እርምጃ ይወነጨፋል፣ ፍራሹ ላይ ይላተማል። እንደገና። እንደገና። በ100 ሜትር አነሳስ ግማሽ ውድድር ነው። የቀረውን ጉልበት ሜዳ ላይ ማባከን አያስፈልግም። ክፍሉ ይበቃል፣ ፍራሽ ይበቃል። ከታች ያሉት እንግዶች ምን ብለው እንደሚያስቡ ለግሬንጀር ግድ አልሰጠውም።

የዚያ ዘመን አነሳስ ዛሬ እንደምናየው አይደለም። እግር የሚደግፍ ብሎክ ገና ውድድር ውስጥ አልገባም። ሯጮች ትንሽ መቆፈሪያ ይዘው ወደ መነሻው ይመጡና መሬቱን ይቆፍራሉ። ለግራ እግር አንድ ጉድጓድ፣ ለቀኝ እግር አንድ ጉድጓድ። መሙ ከድንጋይ ከሰል አመድ ፍርፋሪ የተደለደለ ነው። የዓለም ትልቁ ውድድር ሊጀመር ስድስት ሰዎች ተንበርክከው እንደ ጓሮ አትክልተኛ አፈር ሲኮተኩቱ ይታያችሁ።

ያ ኦሎምፒክ በራሱ ትልቅ ነበር። የኦሎምፒክ እሳት ለመጀመሪያ ጊዜ የነደደው እዚያ ነው። ሴቶች በአትሌቲክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩትም እዚያ ነው። ማራቶኑን ያሸነፈው በአልጄሪያ ተወልዶ ለፈረንሳይ የሮጠው ቡጌራ ኤል ዋፊ ነበር። የእኛ አገር ሜልቦርን ላይ ኦሎምፒክን ልትቀላቀል ገና 28 ዓመት ይቀራት ነበር።

100 ሜትሩ በሁለት ቀን አራት ዙር ነው፤ ሐምሌ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 እና 30። ፐርሲ በሁለተኛው ዙር 10.6 ሮጠ። በግማሽ ፍጻሜው በአሜሪካዊው ቦብ ማካሊስተር ተቀድሞ ሁለተኛ ሆኖ አለፈ። ለፍጻሜው ስድስት ሰው ቀረ። ሁለት አሜሪካውያን አሉ፤ ማካሊስተርና ወጣቱ ፍራንክ ዋይኮፍ። ብዙ ሰው ወርቁን የሚጠብቀው ከእነሱ ነው። ከእንግሊዝ ጃክ ለንደን አለ፤ በእንግሊዝ ጉያና የተወለደ ግዙፍ ጥቁር ሰው ነው። ከጀርመን ጌኦርግ ላመርስ። ከደቡብ አፍሪካ ዊልፍሬድ ሌግ። ስድስተኛው ልቡ ደካማ ነው የተባለው ልጅ።

ተንበረከኩ። ሽጉጡ ሳይተኮስ አንድ ሰው ተነሳ። ተመለሱ። እንደገና ተንበረከኩ። እንደገና ሰው ቀድሞ ተነሳ። ተመለሱ። እንዲህ ያለ ጊዜ የሰው ነርቭ ምን እንደሚሆን የሮጠ ያውቀዋል። ጡንቻ ይፈታል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ብርድ ይገባል። ያ ሁሉ የሹራብ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ የፍራሽ ልምምድ ለዚህች ደቂቃ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሽጉጡ ተተኮሰ። ፐርሲ ከጉድጓዱ ቀድሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልደረሰበትም። ለንደን በረጅሙ እግሩ መጣ፣ ላመርስ መጣ። ፐርሲ ክሩ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ዘለለ። 10.8። ለንደን ሁለተኛ፣ ላመርስ ሦስተኛ። አሜሪካኖቹ ሜዳሊያ ውስጥ አልገቡም። የካናዳ ቡድን ሰዎች እየጮሁ መሙ ላይ ወረዱና ልጁን ትከሻቸው ላይ አወጡት። እኔ ያየሁት ፎቶግራፍ ያ ነው።

ከዚያ ማታ ስለሆነችው ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። ከካናዳውያኑ ሆቴል ደጃፍ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ፐርሲ ወጣ። ማንም አላወቀውም፤ ተራ ቀጭን ልጅ ነው። ሰዎቹ ማንን እንደሚጠብቁ ጠየቀ። ዊሊያምስ የሚባለውን ካናዳዊ ሯጭ እስኪወጣ እየጠበቅን ነው አሉት። እሱም አብሯቸው ቆሞ ጠበቀ! ሲጫወት፣ ሲያወራ ቆየ። በኋላ ሲያስታውሰው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይሄኛው ደስ እንዳለው ተናግሯል።

ይህችን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት አልቆጠርኩም። በሕይወቱ ትልቁ ቀን ነው። ያ ልጅ ያን ዕለት የተደሰተው ማንም ሳያውቀው፣ ሕዝብ መሐል ቆሞ፣ ራሱን ሲጠብቅ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ነበረው። የዚያን ቀን የጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦ «እንግዲህ የዓለም የ100 ሜትር ሻምፒዮን ነህ ተባልኩ። ከአሁን በኋላ ሩጫ ደስታ የለውም።»

ሃያ ዓመቱ ነው። ገና ካሸነፈ አንድ ቀን አልሞላውም። መጀመሪያ ሳነበው ትሕትና መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ትሕትና አይደለም። ልጁ አንድ ነገር ገብቶታል። እስከ ትናንት ሲሮጥ ሯጭ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሲሮጥ የሚሮጠው ስሙ ነው። ቢያሸንፍ ድሮም ሻምፒዮን ነው ይባላል። ቢሸነፍ ጉድ ይባላል። ከዚህ ውስጥ ደስታ በየት ይገባል?

ያም ሆኖ በማግስቱ 200 ሜትር ነበረው። እሱም አራት ዙር ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ኮርኒግና እንግሊዛዊው ዋልተር ሬንጅሊ ነበሩ የሚያስፈሩት። ኦገስት 1 ቀን ፐርሲ በ21.8 ሁለቱንም ቀደመ። በአራት ቀን ስምንት ጊዜ ሮጦ ሁለት ወርቅ። ሐኪም አትሩጥ ያለው ልጅ። ብርድ ልብስ የሚለበስለት ልጅ።

አገሩ ሲመለስ የሆነውን መገመት አይከብድም፤ እኛም ሯጭ ስንቀበል ምን እንደምንሆን እናውቃለን። ባቡሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያቋርጥ በየከተማው ሕዝብ ወጣ፤ ንግግር ተደረገ፣ ስጦታ ተሰጠ። ቫንኩቨር ሲደርስ መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። መኪና ተሸለመ። ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብም ተዋጣለት። ሰዉ ክፉ አላሰበም። ወደደው፣ በቃ። እኔ ይህን ሳነብ የከበደኝ ግን ፍቅሩ ልክ አለመኖሩ ነው። አንድ ዓይን አፋር ልጅ ይህን ሁሉ ፍቅር የት ያስቀምጠዋል?

ሩጫውን ወዲያው አልተወም። አሜሪካ እየሄደ በአዳራሽ ውስጥ ይካሄዱ በነበሩ ውድድሮች ሮጠ። አምስተርዳም ላይ ያሸነፈው በዕድል ነው የሚሉ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። በኦገስት 1930 ቶሮንቶ ላይ 100 ሜትርን በ10.3 ሰከንድ ሮጠ። የዓለም ክብረ ወሰን። ሌሎች እኩል ሮጠውት ሊሆን ይችላል እንጂ የሚያሻሽለው የተገኘው በ1936 ነው፤ እሱም ጄሲ ኦውንስ ነው።

በዚያው ወር ሀሚልተን ላይ የመጀመሪያው የብሪታንያ ግዛቶች ጨዋታ ተካሄደ፤ ዛሬ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የምንለው ነው። ፐርሲ በ100 ያርድ እየመራ ነበር። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው የጭኑ ጡንቻ ተቀደደ። ሕመሙን ይዞ ጨረሰ። አሸነፈም። እግሩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የድሮው እግር አልሆነም። በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ግማሽ ፍጻሜውን ማለፍ አቃተው። 24 ዓመቱ ነበር። እዚያው አበቃ።

ከዚያስ? ከዚያ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሆነ።

ብዙዎቹ ጽሑፎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ያዝናሉ። ከዓለም ሻምፒዮንነት ወርዶ ኢንሹራንስ ሻጭ ሆነ ዓይነት ነገር ይላሉ። እኔ ግን አላዘንኩም። ሰውየው ከዚያ ሁሉ በመውጣቱ ደስ ብሎት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ጎልፍ ተጫወተ፣ ፈረስ ጋለበ። ከእናቱ ጋር ኖረ፤ በ1977 እስክትሞት ድረስ አልተለያዩም። ሚስት አላገባም። አገሩ ግን አልረሳውም። በ1950 የካናዳ ጋዜጠኞች የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ የአትሌቲክስ ሰው ብለው መረጡት። በ1972 ደግሞ የካናዳ የምንጊዜም ታላቅ ኦሎምፒያን ተባለ። ይባል፤ ይገባዋል። እሱ ግን ጠዋት ቢሮ ይገባል፣ ማታ ቤቱ ይገባል።

ሁለቱን የወርቅ ሜዳሊያዎች ለብሪቲሽ ኮሎምቢያ የስፖርት ሙዚየም ሰጥቶ ነበር። በ1980 ተሰረቁ። አልተገኙም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። እናቱ የለችም። መገጣጠሚያው ይታመማል፤ ሌላም ሕመም ተጨመረበት። በኖቬምበር 1982፣ በ74 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። አንዳንድ ሰው አሟሟቱን ይዞ ወደ ኋላ ይሄድና ሕይወቱን በሙሉ ያጠቁረዋል፤ ሩጫውን ስለተወ ነው፣ ዝናውን ስላጣ ነው ይላል። እኔ አላምንበትም። ሰው ብቻውን ሲሆን፣ ሲያረጅ፣ ሕመም ሲጸናበት፣ ከጎኑ ሰው ያስፈልገዋል። ያ የሩጫ ጉዳይ አይደለም። ሩጫውንማ በ24 ዓመቱ ጨርሶታል። ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ኖሯል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ምሽት ለጋሽዬ ደወልኩ። ሥራ ጨርሶ ቤት ገብቷል። ከኋላ የልጆች ድምፅ ይሰማል። «አንድ ነገር ላንብብልህ» አልኩት። የፐርሲን ታሪክ ባጭሩ ነገርኩት፤ ልቡን፣ ፍራሹን፣ ሆቴሉ ደጃፍ የቆመውን ሕዝብ። ከዚያ ያቺን የማስታወሻ ደብተር ዓረፍተ ነገር አነበብኩለት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ወተት አደርስ ነበር፤ አታስታውስም አንተ፣ ሕፃን ነበርክ» አለኝ።

አላስታውስም አልኩት።

«ጎህ ሳይቀድ ነው የምወጣው። ብርዱ ይቆርጣል። ወተቱን አደርስና ባዶውን ዕቃ ይዤ እሮጣለሁ። ማንም የለም። ውሻም የለም። መንገዱ ላይ ውርጭ አለ፣ ስትረግጠው ይሰበራል። ያን ጊዜ እሮጥ ነበር እውነት ለመናገር። ሲነጋ ቤት እገባለሁ።» ቆም አለ። «ከዚያ ያንን ብርድ ልብስ ስሸለም ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ይጠብቁኝ ጀመር። ሰዓት ይዘው። ትናንት ከዚህ ፈጥነህ ነበር ይሉኛል። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ በረንዳ ላይ ቆመው ያዩኛል። አንዱ የስፖርት ሰው መጥቶ አባባን አነጋገረ፤ ይህን ያህል ወር ውስጥ ይህን ካላመጣ ዋጋ የለውም አለ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ። በቃ፣ ወተቱን በእግሬ እየተራመድኩ ማድረስ ጀመርኩ።»

«ለምን እንዲህ ብለህ አልነገርከንም?»

«ምን ብዬ? ሰለቸኝ አልኩ እኮ። ይኸው ነው።»

አዎ፣ ብሏል። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲል የሰማነው እኛ ነን፤ ሰምተን ሌላ መልስ የጠበቅነውም እኛው ነን።

«ያ ሰውዬ ግን» አለኝ ስልኩን ልንዘጋ ስንል፣ «በመርከብ እየሠራ የተከተለው። እንደሱ ያለ አንድ ሰው ቢኖር…» አልጨረሰውም። ልጆቹ ጠሩትና ደህና እደር ብሎኝ ዘጋ።

ባለፈው ገና ሁላችንም እናቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ማታ ላይ ብርዱ በረታ። የጋሽዬ ትንሿ ልጅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጋሽዬ ተነሳና ሳጥኑን ከፈተ። ግራጫውን ብርድ ልብስ አውጥቶ ዘረጋው። የእሳት ራት የበላው አንድ ቦታ እንኳን የለውም። ልጁን እስከ አገጯ አለበሳት።

እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። አየችው። አንድ ነገር የምትል መስሎኝ ጠበቅኩ። ጀበናውን አስቀመጠች፣ መጣችና ከልጁ እግር ሥር ያልተሸፈነውን በኩል ሳብ አድርጋ አስተካከለችላት።